ማግኔት ያልሳበው ሁሉ ብር አይደለም፦ በኦንላይን ጨረታ ስለሚሸጡ ጥንታዊ ሳንቲሞች ለወጣ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ጥንታዊ ሳንቲሞችን በኦንላይን ጨረታ ለመግዛት ለሚያስቡ ሰዎች የተዘጋጀ አንድ የምክር ጽሑፍ በስልኬ ደረሰኝ። የላከልኝ እዚሁ አዳማ፣ ባቡር ጣቢያው አካባቢ ሱቅ ያለው ወዳጄ ሲሆን፣ ጽሑፉ በሰጠው ምክር ተመርቶ አንድ የምኒልክ ብር ሊጫረት ማሰቡን ገልጾ ሐሳቤን ጠየቀኝ። ጽሑፉን ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉት ይታየኛል፤ ሳንቲም መሰብሰብ የሀገርን ታሪክ በእጅ መያዝ ነው ማለታቸውም ልቤን ነክቶታል። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ምክሮች ገዢውን ከመጠበቅ ይልቅ የሚያጋልጡ ሆነው ስላገኘኋቸው፣ ለወዳጄ በቃል የመለስኩለትን እዚህ በዝርዝር ለማስፈር ወደድኩ።

ጽሑፉን ላላነበቡ ሰዎች ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ሐሰተኛ የብር ሳንቲም በማግኔት ይለያል፤ ጥቁረትና መበላት የዕድሜ ምስክር ነው፤ 1780 የሚል ዓመት ያለበት ጠገራ ብር በዚያው ዓመት ካልተመታ ሐሰተኛ ነው፤ በምኒልክ ብር ላይ አንበሳው የሚያነሳው እግር ከተለመደው ከተለየ ወይም ሻጩ የጻፈው ዓመት ሳንቲሙ ላይ ካለው ካልገጠመ ማጭበርበር አለ፤ ጥቂት ግራም ቢጎድል በመበላት ነውና አያሳስብም፤ ፎቶውን አጉልቶ ማየት በቂ ነው፤ በፕላስቲክ የታሸገ ሳንቲም አያሠጋም፤ ተሳስቶ የገዛ ሰውም መልሶ ለጨረታ ቢያቀርበው ገንዘቡ ይመለስለታል። ጸሐፊው ሳንቲምን በአመድም ሆነ በሎሚ አትፈግፍጉ ማለታቸው ትክክል ነው፤ በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። በቀሩት ላይ የምለው አለኝ።

የምናገረው ከየት ተነስቼ እንደሆነ አንባቢ ማወቅ ይገባዋል። አባቴ በዚህ ከተማ አንጥረኛ ነበር፤ ልጅነቴም ያለፈው ከወናፉና ከመዶሻው አጠገብ ነው። ከአርሲም ከሐረርጌም የሚመጡ ሴቶች ከእናቶቻቸው የወረሱትን ጠገራ ብር ለአንገት ጌጥ እንዲቀልጥላቸው ሲያመጡ፣ አባቴ ወደ እሳቱ ከመስደዱ በፊት እያንዳንዱን ያገላብጥ፣ ጠርዙን በጥፍሩ ይዳስስ፣ ከዚያም በሁለት ጎድጓዳ ሚዛኑ ላይ ያስቀምጥ ነበር። በአንዱ በኩል የሚቀመጠው መለኪያ እርሱ ራሱ የሚያምነው አንድ አሮጌ ጠገራ ብር ነበር። አንድ ወቄት የምንለው ክብደት ከጠገራ ብር ጋር እኩል ስለነበር፣ አባቴ ሲመዝን ሳንቲሙን ከወቄቱ፣ ወቄቱንም ከሳንቲሙ ጋር ያመሳክር ነበር ማለት ነው። እኔ ሙያውን አልወረስኩም፤ ሚዛኑን ግን ወርሻለሁ፤ ሳንቲም መሰብሰብ ከጀመርኩም ብዙ ዓመታት አልፈዋል።

ከሁሉ በፊት መጥራት ያለበት የቃል ጉዳይ ነው። ጽሑፉ "ሐሰተኛ" የሚለውን አንድ ቃል ለሦስት የተለያዩ ነገሮች ይጠቀምበታል፤ የብዙዎቹ ስሕተቶች ሥርም ይህ ይመስለኛል። አንደኛው በኋለኛ ዘመን፣ ሳንቲም በሚሠራበት መንግሥታዊ ማተሚያ ቤት፣ በቀድሞው ቅርጽና በቀድሞው ዓመት ዳግም የተመታ ሳንቲም ነው። ሁለተኛው ቅጂ ነው፤ ለጌጥ፣ ለማስተማሪያ ወይም ለጎብኚ መታሰቢያ ተሠርቶ ቅጂ መሆኑ እየተነገረ የሚሸጥ ማለት ነው። ሦስተኛው በገበያ ቋንቋ ፎርጅድ የምንለው፣ ገዢን ለማታለል የተሠራው ነው። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። ያው አንድ ቁራጭ ብረት መታሰቢያ ዕቃ በሚሸጥበት መደብር ውስጥ ቅጂ ሆኖ ይቀመጥና፣ ነገ አንድ ሰው ገዝቶ "ከአያቴ ሣጥን የተገኘ" ብሎ ለጨረታ ሲያቀርበው ፎርጅድ ይሆናል። ብረቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሻጩ ቃል ነው። ስለዚህ በኦንላይን ጨረታ የምንመረምረው ሳንቲሙን ብቻ ሳይሆን የሻጩን እያንዳንዱን ቃል፣ በተለይም ሳይጽፍ የተወውን ነው። ክብደቱን፣ ስፋቱንና የጠርዙን ፎቶ ያልሰጠ ሻጭ ዋናውን ነገር ገና አልተናገረም።

ይህ ግራ መጋባት በጠገራ ብር ላይ ምን እንዳስከተለ እንመልከት። ጸሐፊው 1780 የሚል ዓመት ያለበት ሳንቲም በዚያው ዓመት ካልተመታ ሐሰት ነው ይላሉ። በጠገራ ብር ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ትሬዛ ያረፈችው እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1780 ነው። ከሞተች በኋላ ግን ብሯ በምሥራቅ አፍሪካና በዓረብ ሀገሮች ንግድ እጅግ ይፈለግ ስለነበር፣ ዓመቱ በ1780 ላይ እንደቆመ መመታቱ ቀጠለ። በቪየና፣ በሚላኖ፣ በቬኒስና በፕራግ ተመቷል። እ.ኤ.አ. በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ የመምቻ ብረቶቹን ከኦስትሪያ ወስዶ በሮማ አስመታ፤ በተከታዩ ዓመት ለንደን መምታት ጀመረች፤ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይና በርሚንግሃምም መትተውታል። የኦስትሪያ ማተሚያ ቤት ዛሬም ይመታዋል። አያቶቻችን የተገበያዩበት፣ ለማጫ የተሰጠው፣ ለአንገት ጌጥ የቀለጠው ጠገራ ብር በአብዛኛው እንዲህ ዳግም የተመታው ነው። በጸሐፊው መለኪያ ብንሄድ የሀገራችን ገበያ ከመቶ ዓመት በላይ በሐሰተኛ ገንዘብ ሲሠራ ኖሯል ማለት ይሆናል፤ ይህም ፈጽሞ ትክክል አይደለም። ብሩ እውነተኛ ብር ነበር፤ ክብደቱ 28.07 ግራም፣ ጥራቱ ከሺህ 833 እጅ።

የገዢው ጥያቄ መሆን ያለበት ሌላ ነው፤ ሻጩ "በ1780 የተመታ" እያለ የዚያን ዋጋ እየጠየቀ ነው ወይስ የዳግም ምቱን? ሊቃውንቱ እነዚህን የሚለዩት በትከሻዋ ላይ ባለው መቆለፊያ ጌጥ፣ በሳንቲሙ ጀርባ ባለው ንስር የጅራት ላባዎች አወራረድና በመሳሰሉት ጥቃቅን ምልክቶች ነው። ከደረቷ ምስል ሥር ያሉት ኤስና ኤፍ የሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት የጉንዝቡርግ ማተሚያ ቤት ሹማምንት የነበሩት የሾብልና የፋቢ መነሻ ፊደላት ናቸው፤ ዳግም በተመቱትም ላይ ስለሚገኙ ብቻቸውን ዕድሜን አይመሰክሩም። የቀድሞ ነጋዴዎቻችን በራሷ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች እየቆጠሩ ይቀበሉ እንደነበር ተጓዦች ጽፈዋል። ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1918 ለኤርትራ ብላ ያስመታችው፣ ጠገራ ብርን እንዲመስል የተሠራው ታለር የተባለ የብር ሳንቲም በክብደቱ ተቀራራቢ ቢሆንም፣ ሕዝቡ የሴቲቱ ምስል ሌላ መሆኑን አይቶ አልተቀበለውም። ያ ሕዝብ ማጉያ መነጽር አልነበረውም፤ የሚያየውን ግን አስተውሎ ያይ ነበር።

በጠገራ ብር ላይ ለተራ ገዢ ከሁሉ የሚጠቅመው ምልክት ጽሑፉ አንድም ጊዜ ያላነሳው ጠርዙ ነው። በጠርዙ ዙሪያ "ዩስቲትያ ኤት ክሌሜንትያ"፣ ማለትም "በፍትሕና በርኅራኄ" የሚሉ የላቲን ቃላት ከጌጥ ጋር ወደ ውጭ ጎልተው ተሠርተዋል። ቀልጦ በቅርጽ ማፍሰሻ የተሠራ ፎርጅድ ሁለቱ የቅርጹ ግማሾች የሚገናኙት በጠርዙ ላይ ስለሆነ ቀጭን ስፌት የመሰለ መስመር ይወጣበታል። ሠሪው ያንን መስመር በሞረድ ሲያጠፋ የጎሉትን ፊደላትም አብሮ ይበላቸዋል። አባቴ በጥፍሩ ይፈልግ የነበረው ይህንኑ ነው። የፊቱና የጀርባው ፎቶ ምንም ያህል ቢያምር የጠርዙን ፎቶ ከሦስት አቅጣጫ ካልላከ ሻጭ ጋር መጫረት አይገባም።

ወደ ማግኔቱ ልምጣ። ማግኔት የሚስበው ብረትን፣ ኒኬልንና ጥቂት ሌሎችን ነው። ብር አይሳብም፤ ነገር ግን ናስም፣ መዳብም፣ እርሳስም፣ ቆርቆሮም፣ ብዙ ሳንቲሞች የሚሠሩበት የመዳብና የኒኬል ቅይጥም በቤት ውስጥ ማግኔት አይሳቡም። የብር ሳንቲም ፎርጅድ በአብዛኛው የሚሠራው ደግሞ ከእነዚሁ ነው። ስለዚህ ማግኔት ከሳበው ሐሰት መሆኑ የተረጋገጠ ነው፤ ካልሳበው ግን ገና ምንም አልታወቀም። ጸሐፊው ይህን ሁለተኛውን ክፍል መተዋቸው ነው እጅግ ያሳሰበኝ፤ ምክንያቱም ማግኔት ይዞ የሚሄድ ገዢ ምንም ካልያዘው ገዢ ይልቅ ተማምኖ ገንዘቡን ያወጣል።

በማግኔት ፈንታ የምመክረው ማንም ሰው በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሊያደርገው የሚችለውን ነው። የሚያስፈልገው የወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት እስከ መቶኛ ግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛን፣ አንድ ብርጭቆ ውኃና ቀጭን ክር ነው። መጀመሪያ ሳንቲሙ ደረቅ ሳለ ይመዘናል። ቀጥሎ ውኃ ያለበት ብርጭቆ በሚዛኑ ላይ ይቀመጥና ሚዛኑ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ከዚያ ሳንቲሙ በክር ተንጠልጥሎ፣ ወለሉንም ግድግዳውንም ሳይነካ፣ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ ይገባል። ሚዛኑ አሁን የሚያሳየው ቁጥር ሳንቲሙ የገፋውን ውኃ ክብደት ነው። የደረቁን ክብደት በዚህ ቁጥር ስናካፍል የብረቱን እፍጋት፣ ማለትም በያዘው ቦታ ልክ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ እናገኛለን። የጠገራ ብርም ሆነ የምኒልክ ብር ቅይጥ እፍጋቱ 10.2 ገደማ ስለሆነ፣ 28.07 ግራም የሚመዝነው ሳንቲም ሚዛኑ ላይ 2.75 አካባቢ ማሳየት አለበት። ንጹሕ ብር 10.49፣ መዳብ 8.96፣ እርሳስ 11.3፣ ቆርቆሮ 7.3 ነው፤ ናስ ደግሞ ከመዳብም ያንሳል። ክሩ ላይ ወይም ሳንቲሙ ላይ የአየር አረፋ ከተጣበቀ ቁጥሩ ስለሚዛባ በጣት ቀስ አድርጎ ማራገፍ ያስፈልጋል። ከባድና ቀላል ብረት ደባልቆ 10.2 ላይ የሚያደርስ አታላይ ሊኖር ይችላል፤ እንዲህ ያለው ቅይጥ ግን ለስላሳ ነው፤ ድምፁም የታፈነ ነው። ድምፅን ካነሳሁ አይቀር፣ ማንጠልጠያ ቀለበት የተበየደበት ወይም የተሰነጠቀ እውነተኛ ጠገራም ድምፁ ስለሚሞት፣ ባለማቃጨሉ ብቻ መጣል የለበትም።

"ጥቂት ግራም ቢጎድል አያሳስብም" የሚለው ምክር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የሚበላ ሳንቲም ክብደቱን የሚያጣው ከሚታየው አካሉ ነው። የአንበሳው ጋማ ጠፍቶ፣ የንጉሡ ዘውድ ለስልሶ፣ የጠርዙ ዙሪያ ሳስቶ ሲታይ የግማሽ ግራም ወይም ከዚያ የሚበልጥ ጉድለት ይታመናል። ጋማው አንድ በአንድ የሚቆጠርና ፊደላቱ የጠሩ ሳንቲም ግን ሁለትና ሦስት ግራም ሊጎድለው የሚችልበት መንገድ የለም። በዚህ ላይ የቀለጠ ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር፣ ከእውነተኛ ሳንቲም ላይ በተወሰደ ቅርጽ የፈሰሰ ፎርጅድ ስፋቱም በጥቂቱ ያንሳል። ክብደትና ስፋት አብረው ሲጎድሉ የተበላ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ጥቁረት የዕድሜ ምስክር ነው የተባለውን ባጭሩ ልለፈው። ብርን የሚያጠቁረው ድኝ ነው። አባቴ አዲስ የሠራውን መስቀል ጎድጓዳው ቦታ እንዲጨልምና ቅርጹ እንዲወጣ በድኝ ያጠቁረው ነበር፤ ሥራው አንድ ቡና እስኪፈላ የሚወስደውን ጊዜ አይፈጅም። የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል ካለበት ዕቃ ውስጥ ተዘግቶ የሰነበተ አዲስ ብርም ይጠቁራል። ልዩነቱ የሚታወቀው ጥቁረቱ በተቀመጠበት ቦታ ነው። በእጅ የቆየ ሳንቲም በጎሉት ቦታዎች ይነጣል፣ በፊደላቱ ጥግ ይጠቁራል፤ ሆን ተብሎ የጠቆረው ግን አዲስ ጭረቱ ውስጥ ሳይቀር እኩል ጠቁሮ ይገኛል።

አሁን ወዳጄ ሊገዛ ወዳሰበው ወደ ምኒልክ ብር ደርሰናል፤ በጽሑፉ ውስጥ እጅግ የሚጎዳው ስሕተትም ያለው እዚህ ነው። ጸሐፊው አንበሳው ግራ እግሩን ያነሳበትን ብቻ እውነተኛ አድርገው ቀኙን ያነሳበትን ሐሰት ብለውታል። በፓሪስ የተመታው የአንድ ብር ሳንቲም ግን በሁለት ዓይነት ነው የወጣው። በ1887 እና በ1889 ዓ.ም. በተጻፈባቸው ላይ አንበሳው የሚያነሳው የፊት ግራ እግሩን ነው፤ በ1892 እና በ1895 ዓ.ም. በተጻፈባቸው ላይ ቀኙን ነው። ምክሩን የተከተለ ሰው እውነተኛውን የ1892 ብር ጥሎ ይሄዳል፤ በአንጻሩ የ1889 ዓመት ከቀኝ እግር ጋር ተዳምሮ ቢመጣለት ለምን መጠርጠር እንዳለበት አያውቅም። ማየት የሚገባው የእግሩንና የዓመቱን መግባባት ነው።

ዓመቱንም በተመለከተ፣ ሻጩ 1897 ብሎ ከጻፈና ሳንቲሙ ላይ ፲፰፻፹፱ ካለ ማጭበርበር ነው መባሉ የዘመን አቆጣጠራችንን መዘንጋት ነው። የውጭ ሀገር ሻጮች ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ጨምረው በራሳቸው አቆጣጠር መጻፋቸው የተለመደና ትክክል ነው። እንዲያውም ዓመት ብቻውን ብዙ አይናገርም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የወጡት ሳንቲሞች እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1975 ድረስ በተለያዩ ማተሚያ ቤቶች ሲመቱ ዓመታቸው ሁልጊዜ ፲፱፻፴፮ ነበር። ከእነዚህ መካከል በመጀመሪያ ክብ ሆኖ የወጣው የመዳብ 25 ሳንቲም ከብሩ 50 ሳንቲም ጋር በመጠን ስለሚቀራረብ፣ ኋላ ዙሪያው አበባ መስሎ እንዲሸረሸር ተደርጓል። ይህን ታሪክ የማያውቅ ገዢ ክቡንም ሆነ ባለሽርሽሩን "የተበላሸ" ወይም "ፎርጅድ" ሲለው ሰምቻለሁ።

ጸሐፊው የሳንቲሙን ጽሑፍ ማንበብ አይጠቅምም፣ ሁሉም ተቀድቷልና ማለታቸውን ግን በከፊል ብቻ እቀበላለሁ። ከእውነተኛ ሳንቲም ላይ በተወሰደ ቅርጽ የተሠራ ፎርጅድ ጽሑፉ ስሕተት አይኖረውም። በእጅ በተቀረጸ ብረት የተመታው ግን ብዙ ጊዜ ፊደላችንን የማያነብ ሰው ሥራ ነው። ለእርሱ ዳግማዊ የሚለው ቃል ሥዕል ነው፤ የ"ግ"ን ጭራና የ"ዊ"ን ቅጥያ የት እንደሚያስቀምጥ አያውቅም፤ ፹ እና ፱ን ያምታታል። "ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ" እና "ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ" የሚሉትን ፊደል በፊደል ማንበብ ለእኛ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ለውጭ ሀገር ሰብሳቢ ግን የሚያዳግት ነው። በእጃችን ያለውን ይህን ብልጫ እንድንተወው መምከር አይገባም።

ስለ ፎቶው የምጽፈው ከራሴ ጉዳት ተነስቼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በውጭ ሀገር በሚኖረው የእህቴ ልጅ በኩል ስሙን መጥቀስ ከማያስፈልግ አንድ ሻጭ የ1889 ዓ.ም. የምኒልክ ብር ተጫርቼ አሸነፍኩ። ፎቶውን በስልኬ አጉልቼ ለብዙ ሌሊት አይቼዋለሁ፤ ከአንበሳው ጭራ ሥር ያለችውን ጥፍር የመሰለች ጭረት እስከ ዛሬ ዓይኔን ጨፍኜ ማየት እችላለሁ። ገንዘቡ የአንድ ወር ደመወዜን የሚያህል ነበር። ሳንቲሙ የእህቴ ልጅ ቤት ተቀምጦ ወደ ሀገር ቤት የሚመጣ ሰው እስኪገኝ ሦስት ወር ቆየ። አዳማ ደርሶ ከፖስታው ሳወጣው በመጀመሪያ የፈለግኩት ያችን ጭረት ነው። አልነበረችም። በአባቴ ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው የእርሱ አሮጌ ጠገራ ብር ያለበት ጎን ወርዶ አዲሱ ከፍ ብሎ ቀረ። በዘመናዊው ሚዛን 24.6 ግራም ሆነ፤ ውኃው ውስጥ 2.8 አሳየ፤ እፍጋቱ 8.8 ገደማ ማለት ነው። በጠርዙ አንድ ቦታ ላይ የብር ቅቡ ተፍቆ ቢጫ የመሰለ ብረት ይታያል፤ በንጉሡ ጉንጭ ላይም አረፋ የተወው የመርፌ ጫፍ የሚያህል ጉድጓድ አለ። ኋላ ስፈልግ ያንኑ ፎቶ፣ ከነጭረቱ፣ ቀደም ብሎ በሌላ ሰው በተሸጠ እውነተኛ ሳንቲም ማስታወቂያ ላይ አገኘሁት። የመመለሻው ጊዜ ካለፈ ቆይቶ ስለነበር የሚሰማኝ አላገኘሁም።

ከዚህ የተማርኩትን በሁለት ነገር ልናገር። አንደኛ፣ ፎቶ የሚያረጋግጠው የሆነ ቦታ እንዲህ ያለ ሳንቲም መኖሩን እንጂ ሻጩ እጅ ያለው እርሱ መሆኑን አይደለም። ሻጩ ሳንቲሙን በሚዛን ላይ አስቀምጦ፣ ቁጥሩ እየታየ፣ አጠገቡም የዕለቱን ቀን በእጁ የጻፈበት ወረቀት ኖሮ እንደገና ፎቶ እንዲያነሳ መጠየቅ አለበት። ሐቀኛ ሻጭ በዚህ አይከፋም። ሁለተኛ፣ በዘመድ በኩል የምንገዛ ሰዎች ምርመራው እዚህ ሳይሆን ዕቃው መጀመሪያ በሚደርስበት ቤት መደረግ እንዳለበት ማወቅ አለብን። የእህቴ ልጅ በደረሰው ዕለት መዝኖት ቢሆን ኖሮ ይመለስ ነበር። በሌላ በኩል፣ የተለያዩ ሻጮች ያቀረቧቸው ሁለት ሳንቲሞች አንድ ዓይነት ጭረትና አንድ ዓይነት ጉድጓድ በአንድ ቦታ ላይ ካላቸው፣ ሁለቱም ከአንድ እናት ሳንቲም የተቀዱ ናቸው፤ የጨረታ ፎቶዎችን ለዚህ ማነጻጸሪያ መሰብሰብ ትልቅ ጥቅም አለው።

በፕላስቲክ ስለታሸጉት ረጅም ነገር የለኝም። እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1987 ሥራ የጀመሩት ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የተባሉት የአሜሪካ ሳንቲም መርማሪ ድርጅቶች መርምረው በፕላስቲክ ሣጥን በማሸግ የሚሰጡት ማረጋገጫ የተከበረ ነው። ነገር ግን ሣጥኑም ራሱ ፎርጅድ ይሠራለታል፤ ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥርም ከእውነተኛ ሣጥን የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን በድርጅቱ መዝገብ ገብቶ መፈለግ፣ መዝገቡ ፎቶ ካለው ጭረቱን ከጭረቱ ማነጻጸር ያስፈልጋል።

ጽሑፉ በመሐል የአክሱም ዘመን ሳንቲሞችን እንደ ጥሩ የገንዘብ ማቆያ ማቅረቡን ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ የተመቱት እነዚህ ሳንቲሞች የሀገር ቅርስ ናቸው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣትን ይከለክላል። ስለዚህ በአንድ የውጭ ጨረታ ላይ የቀረበ የአክሱም ሳንቲም ከሁለት አንዱ ጥያቄ ይነሳበታል፤ እውነተኛ ካልሆነ ገንዘብ ይጠፋል፣ እውነተኛ ከሆነ ከየት፣ መቼና በማን ፈቃድ ወጣ? በቴሌግራምና በፌስቡክ "መሬት ውስጥ የተገኘ" እየተባለ የሚሸጠውም ከዚሁ ጥያቄ አያመልጥም።

የመጨረሻው ምክር ፎርጅድ የገዛ ሰው ምንም ሳይናገር መልሶ ለጨረታ ያቅርበው የሚለው ነው። ጸሐፊውን በአክብሮት የምጠይቃቸው ይህን ዐረፍተ ነገር እንዲሰርዙት ነው። ሳያውቅ የገዛ ሰው ተታላይ ነው፤ አውቆ ሲሸጠው ግን አታላዩ እርሱ ይሆናል፤ ቀጣዩ ገዢም እንደ እኔ የአንድ ወር ደመወዙን ያጠራቀመ የዚሁ ሀገር ሰው ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ ሕግ ቅጂ ሳንቲም ቅጂ መሆኑን የሚገልጽ ቃል እንዲታተምበት ያዛል፤ ኢቤይ የተባለው የኦንላይን ጨረታ መድረክም እ.ኤ.አ. በ2012 የቅጂ ሳንቲሞችን ሽያጭ ከልክሏል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ልማድ ገና ስላልተለመደ፣ የእኔን ሐሰተኛ የምኒልክ ብር ከአባቴ መሣሪያዎች መካከል በቀረችው ትንሽ መቅረጫ፣ ከአንበሳው በላይ ባለው ባዶ ቦታ ላይ "ቅጂ" ብዬ ጻፍኩበት። ወዳጄ ሊጫረት ያሰበበትን ሳንቲም ሻጭ የጠርዙን ፎቶ ከጠየቀው ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው፤ መልስ አልመጣለትም። እስከዚያው ድረስ የእኔን ቅጂ ከእውነተኛው ጠገራ ብር ጋር አብሬ ሰጥቼዋለሁ፤ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ እጁ ይዞ ሱቁ ውስጥ ክብደታቸውን እየለመደ ነው።